ፖሊሱ የመጣው ለአንቺ አልነበረም

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱን አንብቤ ስጨርስ አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩትና ሁለት ቀን ሙሉ ይዤው ዞርኩ። ለምን ብትሉኝ የራሴን የድሮ ጉድ ስላስታወሰኝ ነው። ጉዱን ኋላ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ደብዳቤውን ላስነብባችሁ። ስም፣ ሰፈርና መሥሪያ ቤት አውጥቻለሁ፤ ሌላው የራሷ የጸሐፊዋ ቃል ነው።

«ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ዕድሜዬ 24 ነው። በአንድ የግል መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ነኝ። የምወደው ልጅ አለኝ፤ ሁለት ዓመት ሆኖናል። እሱ የሚሠራው ሐዋሳ ስለሆነ የምንገናኘው በወር ወይ በሁለት ወር አንዴ ነው። እኔ የምኖረው ከእናቴና ከወንድሞቼ ጋር ነው። እሱም አዲስ አበባ ሲመጣ አክስቱ ቤት ነው የሚያርፈው። ስለዚህ እንደ ብዙዎቹ እኩዮቻችን አልጋ እንይዛለን። ምን ላድርግ፣ እውነቱ ይኼው ነው።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሁልጊዜ የምንገናኝበት ፔንሲዮን ስደርስ የፖሊስ ፒክአፕ በሩ ላይ ቆሟል። አራት ፖሊሶች አሉ። ጉልበቴ ከዳኝ! ልጁ ቀድሞኝ ገብቶ ስለነበር የክፍሉን ቁጥር በስልክ ልኮልኛል። በሩ ጋ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ ዞር ብዬ ወደ መጣሁበት መራመድ ጀመርኩ። ይኼኔ አንዱ ፖሊስ ‹እህቴ! ነይ እስቲ› አለኝ። ‹ወዴት ነሽ?› ሲለኝ ምን ብለው ጥሩ ነው? ‹ስብሰባ አለኝ› አልኩት። ፔንሲዮኑ እኮ የስብሰባ አዳራሽ ይቅርና ሻይ የሚፈላበት እንኳ የለውም! ፖሊሶቹ ተያዩና ሳቁ። መታወቂያ ሲሉኝ ቤት ትቼዋለሁ። ‹ስብሰባው ከማን ጋር ነው?› ሲሉኝ ማልቀስ ጀመርኩ። ማልቀሴ ደግሞ ነገሩን አባሰው፤ አንድ ነገር የደበቅሁ መሰላቸው። ሃያ ደቂቃ አቆሙኝ። ለካስ ከአንድ እንግዳ ክፍል ላፕቶፕ ተሰርቆ ኖሮ የገባ የወጣውን ሁሉ ነው የሚጠይቁት። በመጨረሻ ጠና ያሉ አንድ ሳጅን ‹ሂጂ ልጄ፣ ውኃ ጠጪ› ብለው ለቀቁኝ።

እኔን ያንገበገበኝ ግን ፖሊሱ አይደለም። ቀና ስል ሁለተኛ ፎቅ ላይ መጋረጃ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ልጁ ነው! ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሳለቅስ እያየኝ አልወረደም። በኋላ ደውሎ ‹ብወርድ ነገሩ ይባባሳል ብዬ ነው› አለኝ። እስካሁን አላናገርኩትም። ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እኛ ወንጀለኞች ነን እንዴ? ሁለተኛ፣ ይህን ልጅ ይቅር ልበለው ወይስ ይቅርብኝ?

መጋረጃው ከዓይኔ አልጠፋ ያለኝ፣ ከአዲስ አበባ።»

ውድ እህቴ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄሽን ሕግ ይመልሰዋል። ሁለተኛውን እኔ እሞክረዋለሁ፤ ምክንያቱም እኔም አንድ ጊዜ እንደዚያ ልጅ ሆኜ ነበር። እንዲያውም የእኔ ይብሳል። እሱ ቢያንስ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሞ ነበር፤ እኔ ግን ጭራሽ ታክሲ ይዤ ቤቴ ነው የገባሁት!

ዘመኑ 1988 ዓ.ም. ነው። ሞባይል የሚባል ነገር አገራችን ገና አልገባም። ከሴት ልጅ ጋር የሚቀጣጠሩት በቤት ስልክ ነው፤ አባትየው ካነሱት ትንፋሽን ውጦ መዝጋት ነው። እኔና እሷ ምልክት ነበረን፤ ስልኩ ሁለት ጊዜ ጮኾ ከተዘጋ «ቅዳሜ በቦታችን» ማለት ነው። ቦታችን ካዛንቺስ ውስጥ ያለች ትንሽ ሆቴል ነበረች። ደመወዝ በወጣ በሦስተኛው ቀን፣ ሸሚዜን አስተኩሼ፣ ጫማዬን ሊስትሮ አስጠርጌ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ደጃፉ ደረስኩ። ሁለት ፖሊሶች በረንዳው ላይ ቆመዋል። በመስኮቱ በኩል እሷን አየኋት። ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ ለስላሳዋን ይዛ፣ በሩን በሩን ታያለች።

ምን ባደርግ ጥሩ ነው? የጫማዬ ክር የተፈታ አስመስዬ ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ፊቴን ወደ ታክሲው አዙሬ ነበር። በቃ፣ ሄድኩ።

ሰኞ ስደውል ራሷ አነሳችው። «ፖሊሶቹ እኮ ሻይ ጠጥተው ወዲያው ሄዱ። እኔ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ጠበቅኩህ። አስተናጋጁ አዝኖልኝ የለስላሳውን ሒሳብ አልቀበልም አለኝ» አለችኝ። ከዚያ «ታምመህ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ ብል ኖሮ ታምነኝ ነበር። ምን እንደነካኝ እንጃ «ፖሊስ አይቼ ነው» አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ «እኔንስ? እኔን አላየኸኝም?» አለችና ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ስልኩን ሁለት ጊዜ አስጮህኩ፣ አሥር ጊዜ አስጮህኩ፤ ወይ ፍንክች! ያ የካዛንቺስ ሰፈር በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ሆቴሏም አብራ ሄደች። የልጅቷ ጥያቄ ግን አልፈረሰም፤ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ለመሆኑ እኔ ምን ያስሮጠኝ ነበር? የሰረቅሁት ነገር የለም፤ የደበደብኩትም ሰው የለም። አሁን ሳስበው ፍርሃቱ የራሴ አልነበረም፤ ከአባቴ የወረስኩት ነው። አባቴ በደርግ ዘመን የኖረ ሰው ነው። ሰዓት እላፊን ያውቃል፤ ለጦር ሜዳ ወጣቱን ከመንገድ የሚያፍሱበትን አፈሳ ያውቃል። «ልጄ፣ ዩኒፎርም ስታይ መንገድ ቀይር» ብሎ ነው ያሳደገኝ። በዚያ ዘመን ለልጅ የሚሰጥ ትክክለኛ ምክር ነበር። እኔ ግን ዘመኑ ካለፈ በኋላም ይዤው ሄድኩ። እናንተም የዛሬዎቹ ወጣቶች ሳታውቁት ይዛችሁት የምትዞሩ ይመስለኛል።

እስቲ አሁን ነገሩን በእርጋታ እንየው። ፖሊስ ሆቴል በር ላይ ሲቆም ምን ሊሠራ ነው? ዕቃ ተሰርቆ ይሆናል። ሁለት ጠጪዎች በሒሳብ ተጣልተው ይሆናል። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ናት፤ በየዓመቱ የመሪዎች ጉባዔ ሲደርስ ከቦሌ እስከ ስታዲየም እንግዳ ያረፈባቸው ሆቴሎች ሁሉ ይጠበቃሉ። ወይም ደግሞ እንደ እኔዎቹ ሻይ ሊጠጣ ነው! ፖሊስም እኮ ሻይ ይጠጣል።

ጡረታ የወጡ አንድ የፖሊስ ባልደረባ ጎረቤት አሉኝ። የአንቺን ደብዳቤ ስም ሳልጠራ አጫወትኳቸውና «ጋሼ፣ ይህቺን ልጅ ለምን አስቆሟት?» አልኳቸው። ሳቁ። «እኛ ወደ በሩ የሚመጣውን ሰው አናየውም፤ እሱ እንግዳ ነው። የምናየው በሩ ጋ ደርሶ የሚመለሰውን ነው» አሉኝ። እህቴ፣ ይህቺን ነገር ያዢያት። አንቺን ያስጠራሽ መምጣትሽ አይደለም፣ መመለስሽ ነው። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ!

ወደ መጀመሪያው ጥያቄሽ ልምጣ። ወንጀለኞች ናችሁ ወይ? አይደላችሁም። ሁለት ያላገቡ፣ ዕድሜያቸው 18 ዓመት የሞላ፣ በፈቃዳቸው የሚገናኙ ወንድና ሴት አንድ ክፍል ውስጥ ቢገኙ የአገራችን የወንጀል ሕግ ወንጀል አይለውም። እንዲያውም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው ለሚኖሩ ሰዎች የራሱ ምዕራፍ አለው። ወንጀል ቢሆን ኖሮ ሕግ ምዕራፍ አይሰጠውም ነበር። እናትሽ ይቀየማሉ፣ ንስሐ አባትሽ ይቆጣሉ፣ ያ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ከእነሱ ጋር ተነጋገሪ። ፖሊስ ግን የእናትሽ ወኪል አይደለም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 17 ማንም ሰው በሕግ ከተደነገገው ውጭ ነፃነቱን እንዳያጣ ይከለክላል። አንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው እንዲነገረው፣ መናገር ካልፈለገ ዝም እንዲል፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ መብት ይሰጠዋል። አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ ሰውነትም ሆነ ንብረት እንዲሁ እንደ ዘበት አይፈተሽም ይላል። በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ የተያዘን ሰው የሚፈትሸው በጾታ የሚመስለው ሰው እንዲሆን፣ ቤት ለመፈተሽም ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር የፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲያዝ ተጽፏል።

አዎ አውቃለሁ፣ «ወረቀት ላይ ነዋ!» ትሉኝ ይሆናል። ሁሉም ፖሊስ አንቀጽ ቆጥሮ አይሠራም፤ እኔም ከትናንት ወዲያ አልተወለድኩም። በ2014 ዓ.ም. እንደታወጀው ዓይነት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲኖርም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚፈተሽበት ጊዜ አለ። አንቀጹን የነገርኳችሁ ፖሊስ ፊት ቆማችሁ እንድትሸመድዱት አይደለም። ጥፋት እንደሌለበት የሚያውቅ ሰው ልቡ በመጠኑ ስለሚረጋ ነው።

እንግዲህ ወደ ተግባሩ እንግባ። ወንጀል ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህ ምክር አይጠቅመውም፤ እሱ ጠበቃ ይፈልግ። እኔ የምመክረው ጥፋት ሳይኖርበት የሚንቀጠቀጠውን ነው።

አንደኛ፣ ከቤት ሳትወጡ ተዘጋጁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የቀበሌም ይሁን የፋይዳ መታወቂያ ኪሳችሁ ይኑር። እህታችን መታወቂያዋን ይዛ ቢሆን ኖሮ ሃያው ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ይሆን ነበር። ክፍል የሚይዘውም ሰው በመዝገቡ ላይ የራሱን ስም ያስጽፍ። «አቶ ተስፋዬ ነኝ» ብሎ የአቶ ከበደን መታወቂያ የሚያወጣ ሰው ምንም ሳይሠራ ተጠርጣሪ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ አትመለሱ። ፖሊስ ካያችሁ በኋላ አካሄዳችሁን አታፍጥኑ፣ አታቀዝቅዙ፣ መንገድ አትሻገሩ፣ ስልክ ጆሯችሁ ላይ ለጥፋችሁ «ሄሎ» አትበሉ። ስታስመስሉ ያስታውቅባችኋል። በጀመራችሁት እርምጃ ሂዱ። ዓይን ለዓይን ከተጋጠማችሁ ለማንም ሰው እንደምታደርጉት «እንደምን ዋላችሁ» ብላችሁ እለፉ። ሰላምታ የሚሰጥን ሰው ማስቆም ለፖሊስም ይከብደዋል።

ሦስተኛ፣ ትንፋሻችሁን ያዙ። ፍርሃት ሲመጣ ሰውነት አድሬናሊን የሚባለውን ንጥረ ነገር ይረጫል፤ ልብ የሚመታው፣ አፍ የሚደርቀው፣ እጅ የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው። ይህ የጥፋተኝነት ምልክት አይደለም፤ ሰውነት ሥራውን እየሠራ ነው፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ይበርዳል። ለማብረድ የሚረዳው አየር በኃይል መሳብ ሳይሆን ረጋ ብሎ ማስወጣት ነው። በአፍንጫ እስከ ሦስት ቆጥራችሁ ሳቡ፣ እስከ ስድስት ቆጥራችሁ አስወጡ። አራት አምስት ጊዜ ብታደርጉት ድምፃችሁ ይመለሳል። ከታክሲ ወርዳችሁ እስከ በሩ ባለው መንገድ ላይ ሊሠራ የሚችል ነገር ነው፤ ማንም አያውቅባችሁም።

አራተኛ፣ አትዋሹ፤ አታብዙም። «ወዴት ነሽ?» ቢሉሽ «እዚህ ሆቴል፣ ሰው ጋ» በቂ መልስ ነው። «ምንሽ ነው?» ቢሉሽ «ጓደኛዬ ነው»። ይኼው ነው። «ባለቤቴ ነው»፣ «ወንድሜ ነው»፣ «ስብሰባ አለኝ» አያስፈልግም። አንቺን ታች፣ እሱን ላይ ለየብቻ ቢጠይቋችሁ እውነት አንድ ዓይነት ናት፤ ውሸት ግን ሁለት ትሆናለች። ስለ ግል ጉዳይሽ ጠልቀው ከጠየቁሽ ደግሞ ድምፅሽን ሳትጨምሪ «ጌታዬ፣ እሱ የግል ጉዳዬ ነው» ማለት ትችያለሽ። ጌታዬ ማለት ክብር አይቀንስም። መብት የሚጠየቀው በጩኸት ነው ያለው ማነው?

አምስተኛ፣ ነገሩ ከረዘመ አንዲት ጥያቄ ጠይቁ፦ «ተይዣለሁ ወይስ መሄድ እችላለሁ?» በትሕትና ነው ታዲያ፣ እንደ ክርክር አይደለም። ሂዱ ከተባላችሁ አመስግናችሁ ሂዱ። ተይዛችኋል ከተባላችሁ ለምን እንደሆነና ወደ የትኛው ጣቢያ እንደምትሄዱ ጠይቁ፣ ለምታምኑት ሰው እንዲነገርላችሁ ጠይቁ፣ ከዚያ ዝም በሉ። በር ይዞ መታገል፣ እጅ መንጠቅ፣ «ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?» ማለት ምንም ያልነበረውን ነገር ክስ ያደርገዋል።

ስድስተኛ፣ «የሻይ» የሚባለውን አትጀምሩት። ጥፋት ሳይኖርባችሁ ብር ስታወጡ ጥፋት እንዳለባችሁ ፈረማችሁ ማለት ነው። ጉቦ ደግሞ ሰጪውንም ተቀባዩንም ያስጠይቃል። ብር የሚጠይቃችሁ ካለ «አለቃ፣ ጥፋት ካለብኝ ጣቢያ ልሂድ» በሉት። ጣቢያ መዝገብ አለ፤ ብር የሚፈልግ ሰው ደግሞ መዝገብ አይወድም።

እዚህ ላይ ማሳሰቢያ አለኝ፤ የተናገርኩት ሁሉ ለሁሉም ሰው አይሠራም። ከሁለት አንዳቸው ያገቡ ከሆኑ ነገሩ ሌላ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 652 ማመንዘርን ያስቀጣል፤ ክሱ የሚነሳው ግን የተበደለው የትዳር ጓደኛ አቤት ሲል ነው። እንዲህ ያለው ሰው ፖሊስ ፊት የመረጋጊያ ዘዴ ከሚፈልግ ቤቱ ገብቶ ሚስቱን ወይም ባሏን ቢያነጋግር ይሻለዋል። ዕድሜዋ ወይም ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ልጅን ወደ ሆቴል የሚወስድ ደግሞ ወንጀል እየሠራ ነው፤ ለእሱ ምክር የለኝም፤ ፖሊሱ በእርግጥም ለእሱ ይምጣለት።

ይህን የምታነቡ ዓረብ አገር የምትሠሩ እህቶችና ወንድሞችም አትሳሳቱ። የአዲስ አበባው ሕግ እዚያ አያድናችሁም። በሳዑዲ ዓረቢያ ከጋብቻ ውጭ የሚደረግ ግንኙነት ወንጀል ነው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ሕጉ ቢላላም የትዳር ጓደኛ ወይም አሳዳጊ አቤት ካለ እስራት አለው። እዚያ እርጋታ ብቻውን አይበቃም፤ የአገሩን ሕግ ማወቅ ይቀድማል።

ሌላም ልጨምር፣ በተለይ ለሴቶች። ሁላችሁም በሩ ላይ ያለውን ሰው ስትፈሩ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ትረሳላችሁ። ገና በደንብ ከማታውቂው ሰው ጋር ከሆነ ቀጠሮው፣ የት እንደምትሄጂና በስንት ሰዓት እንደምትመለሺ ለአንዲት ጓደኛሽ ንገሪያት። «ልሂድ» ስትይ በር ቢዘጋብሽ፣ እጁን ቢሰነዝር፣ ሳትፈልጊ ቢያስገድድሽ ጩሂ፣ ሪሴፕሽን ደውዪ፣ ያንኑ የፈራሽውን ፖሊስ ጥሪ። «እዚህ ምን ትሠሪ ነበር እባላለሁ» ብለሽ እንዳትቀሪ። በፈቃድሽ ወደ ክፍሉ መግባትሽ ለግድ ፈቃድ አይሆንም። ፖሊስን እስከ መሸሽ የምትፈራ ልጅ ፖሊስ በሚያስፈልጋት ቀን ማንን ልትጠራ ነው? እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይኼ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ደረስኩ፣ እህቴ። ይቅር ልበለው ወይ ነው ያልሽኝ።

ልጁ «ብወርድ ነገሩ ይባባሳል» ብሎሻል። ልንገርሽ፣ አይባባስም ነበር። ወርዶ «እንደምን ዋላችሁ፣ እኔን ፈልጋ ነው የመጣችው፣ መታወቂያዬ ይኸው» ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ፖሊሶቹ የሚፈልጉት የላፕቶፕ ሌባ ነው፤ ክፍል ይዞ፣ ስሙን አስመዝግቦ፣ በራሱ እግር ወርዶ የሚያናግራቸው ሌባ የለም። ይህን እሱ ያኔ አላወቀም። እኔም በ1988 አላወቅሁም። ፍርሃት እንዲህ ነው፤ ፖሊሱን ከሰውየው በላይ ያሳይሽና የምትወጂውን ሰው ከዓይንሽ ይሰውርብሻል።

ስለዚህ ፈሪ ስለሆነ ብቻ አትተዪው እልሻለሁ። አንቺም ፈርተሻል፤ እኔም ፈርቻለሁ። አንድ ነገር ግን ጠይቂው። በስልክ ሳይሆን ፊት ለፊት፣ ካፌ ቁጭ ብላችሁ «ያኔ ምን ታይቶህ ነበር?» በዪው። «ነገሩ ይባባሳል ብዬ ነው» የሚለውን ደግሞ ከደገመልሽ፣ አሁንም ከመጋረጃው ጀርባ ነው ያለውና እዚያው ተዪው። «ፈርቼ ነው፤ አንቺን ብቻሽን መተው አልነበረብኝም» ካለሽ ግን ወርዷል ማለት ነው። ዘግይቶም ቢሆን ወርዷል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። እኔ ያኔ ለዚያች ልጅ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው የነገርኳት፤ «ፖሊስ አይቼ ነው» ብዬ ዝም አልኩ። ሁለተኛውን ግማሽ ለመናገር ስልኩ አልተነሳልኝም። ያንቺው ልጅ ዕድሉ ገና በእጁ ነው።

ከታረቃችሁ ደግሞ ከሚቀጥለው ቀጠሮ በፊት አንድ ነገር ተስማሙ። አብራችሁ ድረሱ፣ አብራችሁ ግቡ። አንዱ ቀድሞ ከገባና ችግር ከመጣ ላይ ያለው ይውረድ። ያ ካልሆነ እኮ ተደብቃችሁ መገናኘታችሁ ለሁለታችሁ መሆኑ ይቀርና ለአንዱ ብቻ ይሆናል፤ አንዱ ይደበቃል፣ አንዷ ታለቅሳለች። ሁለት ዓመት የቆየ ፍቅር ከሆነም አንድ ቀን ልጁ ከእናትሽ ፊት ቢቀርብ አይከፋም። በሩ ላይ ያንቀጠቀጠሽ ፖሊሱ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። «ወንድሞቼ ቢሰሙስ?» የሚለውም አለበት። ያንን ፍርሃት መታወቂያም ትንፋሽም አያበርደውም፤ የሚያበርደው ሽማግሌ ወይም ድፍረት ነው።

ለማንኛውም የደረስሽበትን ጻፊልኝ። ሌሎቻችሁም በሆቴል በር ላይ የገጠማችሁ ካለ ላኩልኝ፤ ስማችሁ አይወጣም። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ፤ መታወቂያችሁን አትርሱ!